ቫዮሊኖቹ አርፍደዋል

መስከረም 18

እትዬ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጀርባዬና ከአለቃዬ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። እማዬን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ሦስተኛውን ግንባሯ ላይ።

"እንደ ጆንያ በታፈነ ክፍል ውስጥ ቼሎ እንድጫወት የምታስገድደኝ ምን በድዬህ ነው?" ላልሽው መልሱ ይኸውልሽ። ምንም አልበደልሽኝም። ነገሩ፣ እኔ ጋ ያለው ኦርኬስትራ ሰው የለውም። ስልሳ ምናምን ተጫዋች ኮምፒውተር ውስጥ ተኝቶልሻል፤ ቫዮሊኑ አንድ ቦታ ተቀድቶ፣ ሆርን የሚባለው ጥሩንባ ሌላ ቦታ፣ ከበሮው የት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ዝም ብዬ አንድ ላይ ባስነሳቸው ሁሉም አፍንጫሽ ሥር ተደርድረው ይጮኻሉ። ሩቅ የለ፣ ቅርብ የለ። ሩቅና ቅርብ የሚሰጣቸው ሪቨርብ ነው፤ ድምፅ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ የሚጎትተው ጅራት በይው። አንቺ ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። እማዬ ከደረጃው ሥር ሆና ስትጠራን ድምፅዋ ከነደረጃው ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው። ደረጃው ከድምፅዋ ላይ ሲጠፋ ግን በር ላይ ደርሳለች ማለት ነው፣ ያኔ መሮጥ ነው። የኔም ሥራ ይኸው ነው። ከኋላ ለሚቀመጠው ብዙ ጅራት እሰጣለሁ፣ ጥራቱንም ትንሽ አደበዝዝበታለሁ፤ ከፊት ያለውን እንዳለ እተወዋለሁ።

የሰው እጅ ያለበት ያንቺ ቼሎ ብቻ ነው። እሱ የራሱን ክፍል ይዞ ከመጣ ሌላ ክፍል ውስጥ ላስቀምጠው አልችልም። የእማዬን መኝታ ቤት ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ፣ ያ ሦስት ሰው የማያነሳው የጥጥ ፍራሽ፣ ልብስ የጠገበ ቁም ሳጥን፣ ወፍራም መጋረጃ። እዚያ ውስጥ ብታጨበጭቢ ለራስሽም አይሰማሽም።

ሙዚቃውን የምሠራለት ቲያትር የሚከፈተው በጥር ነው። የመጀመሪያዬ የራሴ ሙዚቃ ነው፤ አለቃዬ ካልወደደው ለሌላ ሰው ይሰጥና እኔ ወደ ገመድ ጥቅለላዬ እመለሳለሁ። ከአለቃዬ በፊት ግን እማዬ። ስለያት የገባሁላትን ቃል ታውቂያለሽ፦ የራሴን ሥራ እሷ ሰምታ፣ ተጫዋቹን ሁሉ ወንበር ወንበሩ ላይ ሳታስቀምጥልኝ ለማንም አላስረክብም። ዕድሜዋን ሙሉ ቲያትር ቤት ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዛ በጨለማ ሰው ወንበሩ ላይ ስታደርስ የኖረች ሴት ናት፤ ሙዚቃም ስትሰማ ያው ናት። "ዋሽንቷ ስድስተኛ ረድፍ ገብታለች፣ የሷ ሦስተኛ ነው፤ አስነሳት" ትለኝ የለ? እኔም አስነሳታለሁ። እሷ ሳታይልኝ ያስረከብኩት ሥራ ሥራ አይመስለኝም።

በነሐሴ ስደውል ደጋግማ "ምን አልክ?" አለችኝ። ጆሮዋ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።

ታናሽሽ

*

ጥቅምት 3

ሊቁ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ከወንበር ጋር ተጣብቀህ ውለህ ጀርባዬን ትላለህ፤ ተነስና ተራመድ! እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ የጎረቤቱን ጉዳይ ሁሉ ከነዝርዝሩ ትከታተላለች።

ስለ ጆሮዋ ለጠየቅከው፣ ዕድሜ ነው። መስማት የማትፈልገውን እንደሆነ ድሮም አትሰማም። ይህን ያህል አታስብ።

ቀረጻውን ትናንት በኢንተርኔት ልኬልሃለሁ። እንዳልከኝ በሩን ዘግቼ፣ ማይኩን በክንዴ ርዝመት አቁሜ፣ ትንፋሼን ሁሉ ቆጥቤ ነው የቀዳሁልህ። ያንን ረጅም ኖታ ግን ደጋግሜዋለሁ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ እኔ ቀስቴን ባነሳሁ ቁጥር መሰርሰሪያውን ያስነሳል። ሰውዬው ዘንድሮ ጉድ ሆኗል። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ትቶ ያንተን ዜማ ያፏጭልኛል። ሕመምተኞቹም አፋቸውን ከፍተው ቼሎዬን እየሰሙ ነው አሉ ጥርሳቸው የሚነቀለው። አምና እኮ ቼሎ እንዳለኝም አያውቅም ነበር።

የላክኸውን የመጀመሪያ ቅንብር ለእማዬ አሰማኋት። በጣም ቆንጆ ነው ብላለች። ልጄ ጎበዝ ነው ብላለች።

ባለፈው ስትደውል ስልኩን ያልወሰደችው ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ ነው፤ እንዳትቀየም። እኔም መልሼ መደወል ነበረብኝ፣ ይቅርታ።

ይልቅ የምትበላውን ንገረኝ። ባለፈው ፎቶህ ላይ አንገትህ የኮንትራባስ አንገት መስሏል።

እህትህ

*

ጥቅምት 17

እትዬ፣

ቼሎሽ ደረሰኝ፤ እጅሽ ይባረክ። ያ ረጅም ኖታ ሲጀምር አለቃዬ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አለቃዬ ሻይ የሚያስቀምጠው ለሁለት ነገር ነው፤ ለጥሩ ሙዚቃና ለስድብ። ቼሎሽን ብቻውን ሲሰማ ለመጀመሪያው ነበር። ከኦርኬስትራው ጋር ሳሰማው ወደ ሁለተኛው ተሻገረ።

"ይህቺ ሴት የት ነው የተቀመጠችው?" አለኝ። ከፊት፣ ከመሪው በስተቀኝ አልኩት። "አይደለችም" አለ፤ "አንድ እግሯ እዚህ፣ አንድ እግሯ ሌላ ቤት ነው።"

ሐቁን ነው። ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ቫዮሊኖቹ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የሚነፉት፣ ክላሪኔቶቹና ኦቦው፣ ከነሱ ኋላ፣ ሆርኖቹ ግድግዳው ጋ፣ ከበሮው የመጨረሻው ጥግ። ለሁሉም አንድ አዳራሽ ነው የሰጠኋቸው፣ መጠኑን ብቻ እንደየርቀታቸው። አንቺ ብቻ አልቀመጥም አልሽ። ጅራቱን ብቀንስ ከአዳራሹ ትወጫለሽ፣ ብጨምር ትሰምጫለሽ። ከሪቨርቡ ጋር ስታገል ከረምኩና በመጨረሻ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው ብዬ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። የእማዬ ክፍል እንደሆነ ድምፅ እንደማይመልስ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱ እኔ ጋ መሆን አለበት። ለማንኛውም እንደገና ቅጂልኝ፣ ማይኩንም ትንሽ አስጠጊው።

ሌላ ነገር። እማዬ "ቆንጆ ነው" አለች? እማዬ? የምረቃሽ ኮንሰርት ቀን ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ "ያ ከበሮ መቺ በር ላይ ነው የተቀመጠው፣ ብርድ ይመታዋል" ነው ያለችው። ረድፍ አልጠራችም? አንድም ሰው አላስነሳችም? እባክሽ መልሰሽ አሰሚያትና በአፏ የወጣውን ጻፊልኝ። እሑድ ጠዋት እደውላለሁ። "ሃሎ" ብቻ ትበለኝ፣ ይበቃኛል።

ታናሽሽ

*

ጥቅምት 29

ወንድሜ፣

እሑድ ስትደውል ቤት አልነበርንም፣ ይቅርታ። ለዚያ ለጉንፋኑ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነው። አሁን ደህና ናት።

በአፏ ያለችውን ላልከኝ፦ ሆርኖቹ ስድስተኛ ረድፍ ይሁኑ፣ ዋሽንቷ ሦስተኛ። ይኸው ረድፍ። ደስ አለህ?

ቼሎውን እንደገና ቀድቻለሁ። ከኋላዬ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ከጎንና ከጎኔ ትራስ ደርድሬ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሆኜ ነው የተጫወትኩልህ። ካልሆነልህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእማዬን ክፍል ተወው። ተማሪ እየጠበቀኝ ነው፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 12

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዋሽንት የለም። አንድም። አንቺም ሰምተሽዋል፣ ታውቂያለሽ። ሲጨንቅሽ እኔው የጻፍኩልሽን የድሮውን ወሬ መልሰሽ ላክሽልኝ።

ሁለተኛውን ቅጂሽን ከፈትኩና ኦርኬስትራውን በሙሉ ዘጋሁት። ሪቨርቡንም ዘጋሁት። አንቺን ብቻ ተውኩ። ከዚያ ሙዚቃሽን ሳይሆን፣ ቀስትሽን ካነሳሽ በኋላ ያለችውን ቅንጣት ድምፅ ሰማሁ። የእማዬ ክፍል ቀስት ሲነሳ ጸጥ ማለት ነበረበት። አላለም። ድምፁ ተነስቶ ግድግዳ ነካ፣ ባዶ ጣውላ ላይ ተንከባለለና ጠፋ። ብርድ ልብስሽ አለዘበው እንጂ አልደበቀውም። ክፍል የሌለው ድምፅ ላይ ክፍል የምጨምር መስሎኝ ነበር፤ ለካ በክፍል ላይ ክፍል ስደርብ ነው የከረምኩት።

ምንጣፉ የለም። ፍራሹ የለም። ቁም ሳጥኑም ልብሷም የለም።

እትዬ፣ የሰው መኝታ ቤት መቼ ነው እንዲህ ባዶ የሚሆነው?

ስልክ አትወስድም። ረድፍ አትጠራም። "ቆንጆ ነው" ትላለች። እኔ ሞኙ ደግሞ ፕሮግራም አራግፌ እጭናለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኸው ነው፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ያ የጥርስ ሐኪም እንኳ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሥራውን አቁሜዋለሁ። አለቃዬን ታምሜያለሁ ብዬዋለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ድምፅሽን ሰምቼ ከድምፅሽ ማወቅ ፈራሁ።

የእናቴ አልጋ የት ነው?

*

ኅዳር 21

ወንድሜ፣

አለች። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ደውዬ የጮህኩብህን በጽሑፍም ልድገመው፣ ከእንግዲህ ቢጠፋህ አውጥተህ እንድታነበው፦ እናትህ አለች። ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሹራብ ትተረትራለች፤ ክሩን መልሳ ልትሠራው ነው። ከኔም ከአንተም ጤነኛ ናት። አልጋዋ ያንተ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቁም ሳጥኗም እዚያው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ሰው መስሎኝ እደነግጣለሁ። መጋረጃውን ለማጠብ አውርጄው ሳልሰቅለው ቀረሁ።

በስልክ ከዚያ በላይ ያልነገርኩህ እያለቀስኩ መናገር ስለማልችልበት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔማ ሳይቀል አንተን ሊገድልብኝ ነበር። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ።

እማዬ አትሰማም። ጨርሶ። በክረምቱ እየደከመ ሄዶ ሄዶ፣ መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱን ከፍታ "ዛሬ መንገዱን ምን ነካው? ጭጭ አለ" አለችኝ። መንገዱ እንደ ወትሮው ነበር፤ ጥሩንባው ጆሮ ይበጥሳል። የጆሮ ሐኪሙ ብዙ አስረዳኝ፤ ከሁሉም የገባኝ "አይመለስም" ያለው ነው። እሑድ ስትደውል ሐኪም ዘንድ የሄድነውም ሌላ ነገር ይል እንደሆን ብዬ ነበር። ያው ነው ያለው።

አላለቀሰችም። እኔን ጠርታ አስማለችኝ። "ሥራውን ሳያስረክብ እንዳትነግሪው። ከሰማ ጥሎ ይመጣል፤ ጥሎ ከመጣ ያስጣልኩት እኔ ነኝ" አለች። አንተ ብትሆን እምቢ ትላታለህ? እስቲ በላት! ስለዚህ "ቆንጆ ነው" ያልኩህ እኔ ነኝ። ዋሽንቷም የኔ ናት። በአፏ የወጣ አንድም ነገር አልላክሁልህም፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ክፍሉን ያስወጣችው ግን ራሷ ናት። ስለማመድ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር፤ ባትሰማም ልማድ ነው። አንድ ቀን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከምንጣፉ ውጭ፣ በር ሥር ባለችው ባዶ ጣውላ ላይ አሳረፈች። እኔም ያንተን ረጅም ኖታ ያዝኩ። ቼሎ መቼም ሹል እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ነው የሚቆመው። ቀና ስል ፊቷ ሌላ ሆኗል። "እንደገና" አለችኝ። ደገምኩት። "ይህን ምንጣፍ አንሱልኝ" አለች።

ምንጣፉ ደግሞ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ሥር ነው፤ ብቻዬን ምን አቅም አለኝ? ቁም ሳጥኑን ልጎትት ስታገል የጥርስ ሐኪሙ ጫጫታ በዛ ብሎ ሊቆጣ መጣ። እማዬ የሚለውን መች ትሰማለች! "ተባረክ፣ እግዜር ነው ያመጣህ፣ ያንን ጫፍ ያዝ" አለችው። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ቁም ሳጥን ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫጫታ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፣ ማፏጨት ብቻ።

አሁን በየቀኑ ጫማዋን አውልቃ ትጠብቀኛለች። ቀጫጭኖቹ ድምፆች በወለሉ አልፈው እግሯ ጋ አይደርሱም፣ ወፍራሞቹ ይደርሷታል። አንተ ድምፅ የሚውጥ ክፍል ትላለህ፣ እሷ የሚናገር ወለል ትላለች፤ እኔ መሀል ቆሜ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ።

እንደፈለግህ ስደበኝ። ሥራውን ግን እንዳትተው። ከተውከው ያ የፈራችው ደረሰባት ማለት ነው።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን እየደጋገምኩ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ የጥርስ ሐኪሙ ከነጋዋኑ ቁም ሳጥን ተሸክሞ ሲታየኝ ብቻዬን ሳቅሁ። አለቃዬ በመስታወቱ አይቶኝ ሻዩን አስቀመጠ። ተቀይሜሻለሁ። እማዬን እምቢ ማለት ግን እኔም አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ቅያሜዬ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ሥራውን አልተውኩም። አለቃዬ "የልጅቷን ክፍል በድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም አጥፋውና አዳራሹ ውስጥ አስቀምጣት" አለኝ። ሞከርኩት። ይጠፋል፤ ክፍሉ ሲጠፋ ግን እጅሽም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ገለበጥኩት። አንቺን ወደ አዳራሹ ከመጎተት ኦርኬስትራውን ወደ እማዬ ክፍል አመጣሁት። ለሁሉም መጀመሪያ የዚያን ባዶ ክፍል ዓይነት አጭር ጅራት ሰጠኋቸው፤ ጣውላ ወለል፣ ቅርብ ግድግዳ። ትልቁን አዳራሽ የከፈትኩት ከዚያ ወዲያ ነው፣ የክፍሉ በር ክፍት የሆነ ያህል። አንቺና ቫዮሊኖቹ ክፍሉ ውስጥ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ኮንትራባሶቹ ከጀርባችሁ፣ ክላሪኔቶቹና ኦቦው በሩ ላይ፣ ሆርኖቹ ኮሪደሩ ላይ ምንጣፉ አጠገብ፣ ከበሮው ከደረጃው ሥር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። አለቃዬ እስከ መጨረሻው ሰምቶ "አሁን ተቀመጠች" አለ። ሰኞ አስረክብ አለኝ።

አላስረክብም አልኩት። አንድ ሰው ሳይሰማው አይሆንም፣ ቃል አለብኝ አልኩ። ማን እንደሆነች ነገርኩት። "የማትሰማ ሴት ነው የምትጠብቀው?" አለ። አዎ አልኩት። ትንሽ አየኝና እስከ ወሩ መጨረሻ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ አንጀት አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ትልቁን ስፒከር በቀጥታ ጣውላው ላይ አስቀምጪው፣ ከሥሩ ምንም አታንጥፊ። ድምፁን ከፍ አድርጊው፤ የጥርስ ሐኪሙን አስፈቅጂ። ጫማዋን ታውልቅ። አንቺ ምንም አትንገሪያት፣ ምንም አትጠቁሚያት። ከዚያ ያለችውን ጻፊልኝ። ባትወደው፣ አልወደደችውም በይኝ። ምንም ካልደረሳትም፣ ምንም አልደረሳትም በይኝ። ሌላ እንዳትጨምሪ፣ በሞቴ።

እንዳስረከብኩ እመጣለሁ። ፈቃዴን ጠይቄያለሁ።

ታናሽሽ

*

ታኅሣሥ 19

ወንድሜ፣

አንድም ቃል ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነው የምጽፍልህ። የጥርስ ሐኪሙ ምስክሬ ነው፤ አስፈቅደው ብለኸኝ ብጠይቀው ሥራውን ዘግቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ መጣ።

እማዬን ክፍሉ መሀል ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እግሯን አሳረፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከበሮህ ሲጀምር ጣቷን እንደ ባትሪዋ ወደ በሩ ዘረጋች። "ይሄ ሩቅ ነው" አለች፤ "ሩቅ ይሁን፣ ቦታው ነው።" ኮንትራባሶቹ ሲገቡ ሳቀች። "እነዚህ ጉልበቴ ላይ ወጥተው ተቀመጡ እኮ! ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ በላቸው።" የኔ ቼሎ ሲገባ፣ ያ ረጅም ኖታ ሲጀምር፣ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ጉልበቴን ያዘች።

ከዚያ ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ ደረሰ። የሥራህ ሁሉ ልቡ እዚያ ነው። ሐኪሙ ዓይኑን ጠረገ። እሷ ግን እግሯን አንስታ መልሳ አሳረፈች፣ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣ ወለሉን ፈለገችው። ምንም አልደረሳትም። አትጠቁሚያት ብለኸኛልና ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ሙዚቃው ሲያልቅ ዓይኗን ገለጠች። "የፊተኛው ረድፍ ባዶ ነው" አለች። "ቫዮሊኖቹስ? አልመጡም?"

እግዜር ያሳይህ፣ ምን ልበላት? አንዴ ዋሽቼ ያየሁትን አይቻለሁ። አትሰሚያቸውም ልበላት? ፊት ለፊቷ ሆኜ አፌን ከፈትኩና፣ ከንፈሬን እንድታነበው ቀስ ብዬ "አርፍደዋል" አልኳት።

አየችኝ። መቼም ሞኝ አይደለችም፣ ገባት። ከዚያ ምን አለች መሰለህ? "ለልጄ ጻፊለት። እኔ አልሰማቸውም ብሎ ቫዮሊኖቹን እንዳያወጣቸው። እንዳያሳንሳቸውም። የመጡ ጊዜ የሚቀመጡበት ወንበር እኔ ይዤላቸዋለሁ።" ይኸው በአፏ የወጣው። ቆንጆ ነው አላለችም።

ኮንትራባሶቹን ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ አድርግና አስረክብ።

ስትመጣ ደግሞ ደወሉን አትደውል፣ በሩንም አታንኳኳ፤ አትሰማህም። ቁልፉ የጥርስ ሐኪሙ ጋ ነው። ዝም ብለህ ግባና ጫማህን አውልቀህ ወደ ክፍሏ ተራመድ። ወለሉ ይነግራታል።

እህትህ